ሦስት ደቂቃ ከባዳ ጋር

የሶልያና ውሻ የጠባይ ፈተና የሚወስደው ኅዳር አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነበር። ቀጠሮው የተቆረጠው ከአራት ወር በፊት ነው። ደብዳቤው አጭር ነበር፤ ውሻው ካለፈ በብሎኩ ውስጥ መኖሩን ይቀጥላል፣ ከወደቀ በዚያው ዕለት ወደ ማቆያ ይወሰዳል ይላል። ከማቆያ የተመለሰ ውሻ አየሁ የሚል ሰው በደብረ ብርሃን አልነበረም።

ሶልያና ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሠላሳ ዓመት በብርድ ልብስ ፋብሪካ ስፌት ስትመረምር ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ልጇ ጅግጅጋ ናት። በብሎክ አርባ ሁለት፣ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ከውሻዋ ጋር ትኖራለች። ለብቻ መኖር በብሎኩ ውስጥ እንደ ችግር አይነገርም። ሁሉም እንደዚያ ነው።

በዚያን ቀን ጆሮዋ ውስጥ ያለው መሣሪያ፣ ሹክ ባዩ፣ እንደ ወትሮው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀሰቀሳት።

«ጎረቤቶችዎን ሰላም ብያቸዋለሁ» አላት። «ሁሉም ደህና ናቸው። ለእርስዎም ሰላም ብለዋል።»

«ተመስገን።»

አምና የጎን ጎረቤቷ ሲሞቱ፣ የእሳቸው ሹክ ባይ አራት ቀን ሙሉ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» እያለ ሲመልስ ነበር። በአምስተኛው ቀን ነው የታወቀው። ከዚያ ወዲህ ሶልያና የጠዋቱን ሰላምታ ስትሰማ ትንሽ ቆም ትላለች። ግን የሰው በር ማንኳኳት ከተተወ ቆይቷል፤ እንዴት እንደሚጀመርም አታውቅም።

«ሊፍቱ ለእርስዎ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ይመጣል» አለ ሹክ ባዩ። «ውሻው አሁን ቢበላ ጥሩ ነው።»

ውሻው ቡላ ይባላል፤ የጸጉሩ ቀለም ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በሐምሌ ዝናብ ከቀለበት መንገዱ ማዶ አግኝታው በጋቢ ጠቅልላ አስገባችው። ግራ ጆሮው ከመሐሉ የተተረተረ ነው። ቡላ መኪና አይፈራም፣ ነጎድጓድ አይፈራም፣ ሕፃን ቢጮህበት ዘወር ብሎ ይተኛል። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው ወደ መሬት ጎንበስ ካለ ጸጉሩ ይቆማል፣ ጥርሱ ይወጣል፤ መሸሻ ካጣ ይነክሳል። አንድ ጊዜ የወደቀ ማንኪያ ልታነሣ ብላ የእሷኑ እጅ ይዟታል። ከዚያ ወዲህ ከእጇ የሚወድቀውን ሁሉ ቀጥ ብላ ቆማ በረጅም መቆንጠጫ ታነሣለች።

ሹክ ባዩ ይህን ጠባይ «ምክንያቱ ያልታወቀ» ብሎ መዝግቦታል። በብሎኮቹ መካከል ልቅ ድንጋይ የለም፤ መሬቱ ሁሉ የተለበጠ ነው። ውሻ ሲያይ ጎንበስ የሚል ሰውም በብሎኮቹ ውስጥ ከጠፋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሶልያና ግን በልጅነቷ ሰፈር ውስጥ ድንጋይ ቢኖርም ባይኖርም ማንም ጎንበስ ሲል ውሻው ሁሉ እንዴት ይበተን እንደነበረ ታስታውሳለች። ምክንያቱን ለሹክ ባዩ አልነገረችውም። ፋይሉ ውስጥ እንዲገባ አልፈለገችም።

ፈተናው የሚሰጠው በቀድሞው መናኸሪያ ነው። ጣሪያ ተሠርቶለት፣ ወለሉ ታጥቦ፣ ነጭ መስመር ተሰምሮበታል። ዳኛዋ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ወጣት ናት፤ ግራጫ ካፖርት ለብሳለች። ስሟ ባንቺአየሁ ነው። የጥንት ስሞች እንደገና ፋሽን ሆነዋል።

«መነሻ ደረጃ ስለሆነ ውሻውን ማናገር ይችላሉ» አለቻት፣ ብዙ ጊዜ ደጋግማ እንዳለችው በሚያስታውቅ ድምፅ። «ማሞገስ ይችላሉ። አንድ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ መስጠት ይችላሉ። ገመዱን መጎተት፣ ውሻውን መግፋት አይቻልም። ገመዱ ከእጅዎ ከወደቀ ራስዎ አያነሡትም። እርዳታ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከመሣሪያ ወይም ከሰው። ካልጠየቁ ማንም አይረዳዎትም።»

«ከሰው የጠየቀ አለ?»

ባንቺአየሁ አሰበች። «እኔ ከመጣሁ የለም። ሁሉም ቁልፍ ነው የሚጠይቁት።»

ቁልፉ ውሻው አንገት ላይ ባለው ቀለበት ውስጥ ነው፤ ሲበራ ውሻውን ያፈዝዘዋል። በአጠገቧ በረንዳ በኩል የሚኖረው የጎረቤት ውሻ ባለፈው ዓመት ያለፈው በቁልፍ ነው። በቁልፍ ያለፈ ውሻ ቀለበቱን ዕድሜውን ሙሉ አያወልቅም። ሶልያና በረንዳ ላይ ስትወጣ ያንን ውሻ ታየዋለች፤ ከመስታወቱ ጀርባ ቁጭ ብሎ ወደ ውጭ ያያል። ርግብ አጠገቡ ብታርፍ ጆሮውን አያዞርም። ሹክ ባዩ «በብሎኩ ምርጡ ውሻ» ይለዋል።

የመጀመሪያው ክፍል ቀላል ነበር። ቡላ ተቀመጠ፣ ተኛ፣ ሲጠራ መጣ። በሁለተኛው ክፍል አንዲት ትንሽ ነጭ ውሻ በገመድ ተይዛ አጠገቡ ማለፍ ነበረባት። ቡላ ትኩር ብሎ አየና ምራቁን ዋጠ።

«ተው፣ የኔ ጌታ» አለችው ሶልያና። «ሽማግሌ ነህ። አይመጥንህም።»

ዳኛዋ ፈገግታዋን ወደ ካፖርቷ አንገትጌ ደበቀች። ቡላ ፊቱን አዞረ።

«ጥሩ እየሄደ ነው» አለ ሹክ ባዩ። «ድምፅዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ። ቀጥሎ ባዳው ይመጣል። ገመዱ በግራ እጅ፣ ሰላምታው በቀኝ።»

የብሎክ ውሾች የማያውቁት ሰው ስለማያጋጥማቸው ፈተናውን የሚሰጠው ጽሕፈት ቤት ባዳ ይቀጥራል። ሥራው ቀላል ነው፤ ወደ ባለቤቱ መምጣት፣ መጨበጥ፣ ደህንነት መጠየቅ፣ ከዚያ ገመዱን ተቀብሎ ባለቤቱ በሌለበት ሦስት ደቂቃ መቆየት። ባዳው ስሙን አይናገርም፣ ስምም አይጠይቅም። ሶልያና ይህን ሰላምታ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤቷ ካለው የልብስ መስቀያ ጋር ተለማምዳዋለች። ቀኝ እጇን ለልብስ መስቀያው ስትዘረጋ፣ ግራ እጇ ገመዱን ጨብጦ ሲይዝ፣ ቡላ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም።

ከመግቢያው በኩል አንድ ሰው መጡ። ረጅም ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ ይሆናል፤ ኮታቸው ያረጀ ቢሆንም በደንብ ተተኩሷል። ቀስ ብለው ተራመዱና ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ።

ለሶልያና እጅ የዘረጋላት ሰው ከባሏ ቀብር ወዲህ አልነበረም። የልብስ መስቀያው ሽበት አልነበረውም፣ ቀድሞም አንገቱን ዝቅ አላደረገላትም። እናቷ ለትልቅ ሰው አንድ እጅ መስጠት ንቀት ነው ብላ በጥፊ ሳይቀር አስተምራታለች። ሁለቱም እጆቿ ሳታዛቸው ሄዱ። ሽማግሌውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ አንገቷን ሰብራ፣ «እንደምን አደሩ ጋሼ?» አለች።

ገመዱ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ።

ደወል ተደወለ። ሶልያና እጇን አየች፣ ከዚያ ገመዱን አየች። ቡላም ገመዱን አየው።

«ገመዱ ወድቋል» አለ ሹክ ባዩ። «ሠላሳ ሰከንድ አለዎት። ቁልፍ ልጠይቅልዎ?»

ሽማግሌው አልተንቀሳቀሱም። እጃቸው አሁንም በሁለት እጇ መካከል ነበር። ገመዱ ከወደቀ በኋላ ካልተጠየቁ መናገር አይችሉም፤ ዓይናቸው ግን ወደ ገመዱ ወርዶ ተመልሶ መጣ።

«ወይዘሮ፣ እርዳታ ይጠይቃሉ?» አለች ባንቺአየሁ።

ሶልያና የመስታወቱን ውሻ አሰበች። ከዚያ የሽማግሌውን ጉልበት አየች። የእናቷ ልጅ ሆና፣ አባቷን የሚያህል ሰው ከእግሯ ሥር ዕቃ እንዲያነሣላት ልታዝ ነው። ቢያነሡላትስ፤ ጎንበስ ባሉ ጊዜ ቡላ ምን እንደሚያደርግ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ሃያ ሰከንድ» አለ ሹክ ባዩ። «ቁልፍ ልጠይቅልዎ?»

«እጠይቃለሁ» አለች ሶልያና ለዳኛዋ።

«ከመሣሪያ?»

«ከእሳቸው።»

ባንቺአየሁ ቀና ብላ አየቻት።

«ጋሼ፣ በድፍረት አይቁጠሩብኝ» አለች ሶልያና። ፊቷ ጋለ። «ገመዴን ያንሡልኝ። ግን ጎንበስ አይበሉ።»

«ጎንበስ ሳልል እንዴት ላንሣው፣ ልጄ?» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ሻካራ ነበር። «ቁመቴን አታዪውም?»

«ውሻው አይወድም።»

ሽማግሌው የቡላን ጆሮ ተመለከቱ። «ድንጋይ ያውቃል በይኛ።»

«ያውቃል።»

«እኔም በልጅነቴ ስንቱን ወርውሬያለሁ» አሉ። «ዒላማዬም ደህና ነበር።»

«አባባ፣ ሰዓት» አለች ዳኛዋ።

«ትከሻሽን ስጪኝ» አሏት።

ሶልያና ትከሻዋን ሰጠች። ሽማግሌው አንድ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣሉ፤ ሌላውን ባዶ መሆኑ እንዲታይ መዳፉን ወደ ቡላ ዘረጉ። ጀርባቸውን እንደ ምሰሶ ቀጥ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ጣሪያው ይዘው፣ ቁልቁል መውረድ ጀመሩ። ጉልበታቸው ተንቋቋ። ክብደታቸው ሁሉ በሶልያና ትከሻ ላይ ነበር፤ እሷም ተንገዳገደች።

ቡላ አጉረመረመ። የጀርባው ጸጉር ቆመ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ነጩ መስመር ከኋላ እግሩ አንድ ክንድ ይርቃል፤ ከረገጠው ወድቋል።

«ቡላ፣ ቆይ» አለች።

«አንድ» አለች ዳኛዋ ትእዛዙን ቆጥራ።

«ስድስት ሰከንድ» አለ ሹክ ባዩ። «ቁልፍ ልጠይ...»

«ዝም በል። አንተን አይደለም፣ ቡላ። አንተ ቆይ፣ የኔ ጌታ።»

«ሁለት» አለች ዳኛዋ።

ሽማግሌው በተተኮሰ ሱሪያቸው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ። አቧራ ቡን አለ። እግራቸውን ዘረጉ፤ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ከጣሪያው ሳያወርዱ እጃቸውን ወደ ጎን አሳልፈው፣ ሰው በጨለማ ክብሪት እንደሚፈልግ፣ ገመዱን በጣታቸው ፈልገው ያዙ።

ቡላ ከንፈሩ ተነሥቶ፣ ጥርሱ ወጥቶ ቆሞ ነበር። እግሩ ግን መስመሩን አልነካም። አልነከሰምም።

ሁለተኛው ደወል ተደወለ።

ባንቺአየሁ በሰሌዳዋ ላይ ረጅም ጊዜ ጣቷን አንሸራተተች። «እርዳታ፣ አንድ ጊዜ፣ ከሰው» አለች ለራሷ። «ቦታ የለውም እኮ። ቁልፍ ብቻ ነው ያለው።» እንደገና ፈለገች። «‹ሌላ› በሚለው ሥር አስገባሁት።»

«ወደቅን?» አለች ሶልያና።

«አልወደቃችሁም። የተፈቀደ ነው። ሦስቱ ደቂቃ ግን ይቀራል።» ዳኛዋ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባባ፣ ይነሣሉ?»

«ልነሣ ብል ጎንበስ ማለት አለብኝ» አሉ። «ደንቡ ባዳ ቆሞ ይያዝ ይላል?»

ባንቺአየሁ ሰሌዳዋን አየች። «አይልም።»

«እንግዲያው ተመችቶኛል።»

ሶልያና ከጣውላው ግርዶሽ ጀርባ ሄዳ ቆመች። በሦስቱ ደቂቃ ሹክ ባይ አይሠራም፤ ባለቤቱ ምንም መስማት የለበትም ተብሎ ነው። የጣውላውን ስስነት ግን ማንም አላሰበበትም። ጸጥታው ለጆሮዋ እንግዳ ነበር። መጀመሪያ የራሷን ትንፋሽ ሰማች፤ ከዚያ የሽማግሌውን ድምፅ።

«አትፍራ አልልህም» ይላሉ። «እኔም ፈርቼሃለሁ። ጥርስህ ገና ደህና ነው፤ የእኔ አልቋል። ... ወደዚያ ዞረህ ልትቆም ነው? ቁም። መብትህ ነው።»

ገመዱ ሲሚንቶውን ሲፍቅ ተሰማ። ሶልያና ጣቶቿን አቆላለፈች።

«አሥራ አንድ ዓመት ባዳ ሆኛለሁ» ቀጠሉ ሽማግሌው። «አንተ አይፈረድብህም፤ ከእኔ በላይ ባዳ የት ታያለህ። በፊት ግን እዚሁ መናኸሪያ ረዳት ነበርኩ። አንተ የቆምክበት ላይ ቆሜ አዲስ አበባ፣ አንድ ሰው የቀረው፣ አንድ ሰው እያልኩ ስጮህ እውል ነበር። አንድም ሰው አልነበረም የቀረው፤ አሥር ነበር። ሰው እየሰማኝ ይዋሻል ይለኛል፤ እያወቀም ይገባል። ከዚያ አጠገቡ ያለውን ሰው ስሙን ሳያውቅ ትከሻው ላይ ተኝቶ ሸኖ ይደርሳል። ምራቁን እስኪያዝረበርብ። ማንም አይቀሰቅሰውም ... ሳብ አታድርግ፣ እጄን ታሳምመኛለህ። እንደዚያ። ጎሽ።»

ሶልያና በእጇ አፏን ያዘች። ቡላ እንዳይሰማት ነው።

ደወሉ ሲደወል ከግርዶሹ ወጣች። ቡላ ገመዱ እስከሚደርስበት ድረስ ሄዶ፣ ለሽማግሌው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ከትቶ ቆሟል። ይንቀጠቀጣል። ሲያያት ጅራቱ በዚያው ባለበት ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«አልጮኸም፣ ገመዱን አላስለቀቀም፣ አልነከሰም» አለች ባንቺአየሁ። «አልፏል።»

ሶልያና ገመዱን ከሽማግሌው እጅ ተቀበለች። መያዣው ከእጃቸው ላብ የተነሣ ረጥቦ ነበር።

«አልወደደኝም» አሉ ሽማግሌው። «ግን ታገሰኝ። ከዚህ በላይ ምን እጠይቀዋለሁ?»

ሹክ ባዩ ተመልሶ መሥራት ጀምሮ ነበር። «ለሁኔታው የሚስማሙ ሦስት ምስጋናዎች አዘጋጅቻለሁ» አላት። አንደኛውን ሲጀምር ሶልያና አላዳመጠችውም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለች። ሱሪያቸው ላይ ያለውን አቧራ አየች። «ሱሪዎን አቆሸሽኩብዎት» አለች።

«ሱሪ ይታጠባል። ደግሞ ለምኑ ነው ምስጋናው? ሥራዬ ነው።»

«መቀመጡ ሥራዎ አይደለም።»

ሽማግሌው አሰቡበት። «እሱስ አይደለም» አሉ።

ባንቺአየሁ ሰሌዳዋን ትታ መጣች። ሶልያና ቡላን ወደ ኋላዋ አዞረችውና ዳኛዋ በአንድ ብብታቸው፣ ሶልያና በሌላው ገብተው አነሧቸው። ቀጥ እስኪሉ ጊዜ ወሰደ። ዳኛዋ የኮታቸውን ጀርባ በመዳፏ አራገፈች፤ ከዚያ እጇን፣ የሠራችውን እንዳልጠበቀችው ሁሉ፣ ወደ ኪሷ መለሰችው።

የሰሌዳው ድምፅ ጮኸ። ባንቺአየሁ አንብባ ቅንድቧን ሰበሰበች። «አባባ፣ ለዚህ ውሻ ከመዝገብ ወጥተዋል።»

«ምን አጥፍቼ?»

«ጥፋት አይደለም። ለባለቤት እርዳታ የሰጠ ሰው ከዚያ በኋላ ለዚያ ውሻና ለባለቤቱ ባዳ ሆኖ ሊቀርብ አይችልም ይላል። አንቀጹ ነበረ ለካ። ተጠቅሞበት የሚያውቅ ሰው አልነበረም እንጂ።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ሺህ ውሻ ይዘዋል። የአንዱም ባለቤት ተመልሶ አይቷቸው አያውቅም፤ መንገድ ላይ ቢያገኟቸውም ሹክ ባዮቹ አስቀድመው ያዞሯቸዋል።

«እንግዲያው ስሜን ብናገር አያስቀጣኝም?» አሉ።

«አያስቀጣም።»

«ናሆም እባላለሁ።»

«ሶልያና» አለች። «ብሎክ አርባ ሁለት ነኝ፣ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ። ከሊፍቱ ሲወጡ በቀኝ፣ ሁለተኛው በር። ቅዳሜ ምሳ እንብላ፤ ሽሮም ቢሆን።»

«የጎብኚ ሰዓት አልተመደበም» አለ ሹክ ባዩ በጆሮዋ።

«በሩን እንዴት ነው የማንኳኳው?» አሉ ጋሽ ናሆም። «ረስቼዋለሁ እኮ።»

«ጮክ አድርገው ይምቱት። እሰማዎታለሁ።»

አርባ ሁለት፣ አሥራ ሰባት፣ በቀኝ ሁለተኛው በር፤ ጋሽ ናሆም እንዳይጠፋባቸው ሁለት ጊዜ ደገሙት። ከበሩ በኩል የሚቀጥለው ባለቤት አንድ ጥቁር ውሻ ይዞ እየገባ ነበር። ባርኔጣቸውን ደፉ፣ ጉልበታቸውን አሹ፣ ኮታቸውን ቆለፉና ወደ መነሻው መስመር ሄዱ። ለዚያኛው ውሻ ገና ባዳ ነበሩ።